ቆማ የምትንቀጠቀጥ መኪና

መካኒኩ ከአንድ ፒክአፕ ሥር በጀርባው ተንጋልሎ ሳለ ነጯ መኪና ወደ ግቢው ገባች። ሳያያት ነው ያወቃት። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ጆሮ» ብለው የሚጠሩት ያለ ነገር አልነበረም፤ መኪና ገና በሩ ላይ ሲደርስ የማን እንደሆነና ምኑን እንደሚያመው፣ አንዳንዴም ነጂው ከሚስቱ ተጣልቶ ይውጣ ታርቆ ሳይቀር ይናገራል። ይህችን ለማወቅ ግን ጆሮም አያስፈልግ። የእህቱ ባል መኪና ናት። ከሰሞኑ ከእጁ በወጣች ማግስት ትመለሳለች።

«ጆሮ! አማችህ መጣልህ!» አለ ኤሌክትሪሻኑ፣ ከጥላው ሥር ሽቦ እየላጠ። «ዛሬስ ምኗን ልትቀይርላት ነው? ያልቀየርከው ታርጋዋን ብቻ ነው እኮ!»

«አንተ ሽቦህን ላጥ!» አለው ከፒክአፑ ሥር ሆኖ። ቀልዱስ አስቂኝ ነበር፤ የሚስቅበት አቅም አጣ እንጂ።

መኪናዋ ያረጀች ብትሆንም ክፉ አመል አልነበራትም። ስትሄድ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም ብላ ትሄዳለች። ጣጣዋ ስትቆም ነው፤ ያውም ኤሲ ተከፍቶ። መብራት ሲይዛት ወይም መንገድ ሲዘጋጋ መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ወረድ ይላል፤ ቀጥሎ መሪው መርገፍገፍ ይጀምራል፤ ከዚያ መቀመጫው፣ ከዚያ የተቀመጠበት ሰው። አንዳንዴም መሀል መንገድ ላይ ድርግም ብላ ትጠፋና ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋባታል።

ኤሲውን አጥፉትና ተገላገሉ እንዳይባል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመካኒኩ ታላቅ እህት ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ሐኪም ቤት እየሄደች ደሟ በማሽን ይታጠባል። ከማሽኑ ስትላቀቅ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆና ነው። መስኮት ሲከፈት አቧራው ያስላታል፤ ሲዘጋ ሙቀቱ ያፍናታል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ካላገኘች መንገድ ላይ ያስመልሳታል። በኪራይ መኪና እንዳትሄድ አንድ ቀን እንዲሁ አስመልሷት ሹፌሩ ፊቱን ስላጠቆረባት «ሁለተኛ የሰው መኪና ውስጥ እግሬን ባስገባ!» ብላ ምላለች። እሷ ከማለች ደግሞ አለቀ።

ያለፈው ተራዋ ላይ ከነጭራሹ ቀረች። «እዚያ ማሽኑ ሲያንገላታኝ ይውላል፣ ስመለስ ይህች መኪና ታንገፈግፈኛለች። ተዉኝ፣ አርፌ ልተኛበት» አለች። ሐኪሙ በስልክ ተቆጣ። ቀጣዩንም ከቀረች በሰውነቷ የተጠራቀመው ውኃ ሳንባዋ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱን አልወስድም አለ። የዛሬው ተራዋ ከሰዓት በኋላ ነው።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ሲወጣ የእህቱን ባል ቆሞ አገኘው። ሰውየው ሌሊት ሌሊት የዳቦ ቤት መኪና ይነዳል፤ ቀን ቀን ሚስቱን ያመላልሳል። ዓይኖቹ ቀልተው፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፎ ነበር።

«ወንድሜ፣ ቁርጡን ንገረኝ» አለው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠው። «ከቻልክ ቻልክ። ካልቻልክ እየገፋሁም ቢሆን እወስዳታለሁ።»

«ማንን ነው የምትገፋው ጋሼ? እሷን ወይስ መኪናዋን?»

«ሁለቱም አንድ ሆነዋል። ሁለቱም ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሁለቱም እሺ አይሉም።»

«ሰማሁህ!» የሚል ድምፅ ከመኪናዋ ውስጥ መጣ።

እህቱ የፊት ወንበር ላይ ነበረች። መካኒኩ ይዟት ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጎንበስ አለ። ፊቷ አብጧል። ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ እግሯ ሌላ ጫማ አላስገባ ብሏታል።

«እትዬ፣ ለምን መጣሽ? ስጨርስ እደውልላችሁ ነበር እኮ።»

«ያንተን መጨረስ ስጠብቅ እኔ አልጨርስም ብለህ ነው ማሙሽ?» አለችው። ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት እንኳ ለእሷ ገና ማሙሽ ነው። እናታቸው ቶሎ ስላለፈች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። «ይሄ ሰውዬ በልመና አስወጥቶኝ ነው። መኪናዋ ከተሠራች ልሂድ፣ ካልተሠራች ልመለስ ተባብለናል። ያልተሠራች እንደሆነ አፍህን ሞልተህ አልተሠራችም በለኝ፣ አትዋሸኝ።»

መካኒኩ ወደ ጥላው ውረጂና ጋደም በይ ቢላት ራሷን ነቀነቀች። መውረድና መውጣቱ ስለሚያደክማት ከዚያው ሆና ክንዷን በመስኮቱ አወጣችለት።

ክንዷ ላይ ለማሽኑ ሲባል የደም ሥሮቿን አጋጥመውላታል። እጅ ሲያርፍበት ከውስጥ እንደ ሞተር እርር እርር ይላል። ጣቶቹን በስሱ አሳረፈበት።

«ሚኒሞው እንዴት ነው?» አለችው። የቆመ ሞተር የሚይዘውን ዝቅተኛ ፍጥነት መካኒኮች ሚኒሞ እንደሚሉት ከእሱ ነው የለመደችው።

«ልክ ነው እትዬ። አይዋዥቅም።»

«አየህ፣ እሱ ራሱ ቀንና ሌሊት ሲርገበገብብኝ ነው የሚውለው። በዚያ ላይ መኪናዋ ስትጨምርበት ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል።»

ኮፈኑን ከፈተና ሥራውን ጀመረ፤ ሥራ ከተባለ። የሚሠራውንማ ሁሉ ሠርቶ ጨርሷል። የሞተሩን ማቀጣጠያ ካንዴላዎች ቀይሯል። አየር የሚገባበትን ጉሮሮ አውርዶ ጥላሸቱን አጥቧል። ሚኒሞውን የሚቆጣጠረውን ቫልቭ በሌላ ተክቷል። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች እንኳ ሞተሩን በክሪክ ደግፎ በአዲስ ቀይሯቸዋል። በየጊዜውም ኤሲውን ከፍቶ፣ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ መያዣውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳምጧል። የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ቀጭ ብሎ ሲይዝ ሞተሩ እንደ ማስነጠስ ይለውና መልሶ ይረጋል። ጤነኛ ሞተርም እንዲሁ ነው። ጋራዡ ውስጥ ጤነኛ፣ መንገድ ላይ በሽተኛ።

ዛሬም ያው ሆነ። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆሞ ቆሞ አንገቱ ደነዘዘ። ሞተሩ እርር ይላል እንጂ ምንም አልወጣውም። የእህቱ ባል የመኪናዋን ጎን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ብድግ ሲል፣ ወድቆ ብድግ ሲል ያየዋል።

«ማሙሽ!» ብላ ተጣራች እህቱ።

«አቤት።»

«ይሄን ክዳን ዝጋልኝ። ፊት ለፊቴ ተገትሮ ግድግዳ እያየሁ ነው የተቀመጥኩት። ቢያንስ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ልይበት።»

መካኒኩ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ አመነታ። በዚያ ጋራዥ ኮፈን መዝጋት እንዲህ ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ኮፈን ሲዘጋ ርክክብ ነው። ባለመኪናው ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ ይመራረቃሉ። ሳይጨርስ የዘጋ መካኒክ ሽንፈቱን ያመነ ነው፤ መኪናዋ ግቢ ብታድር እንኳ ኮፈኗ ተከፍቶ ሸራ ለብሳ ታድራለች። የጋራዡ ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ እንዲህ አስለመዷቸው፤ እሳቸው ከሄዱም በኋላ ማንም አልሻረውም።

«እትዬ፣ እሱ እኮ...»

«ዝጋው አልኩህ። ዓይኔ ደከመው።»

እሷ ደከመኝ ስትለው እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ቀስ አድርጎ አወረደውና ተጫነው። ጠቅ አለ።

የእህቱ ባል ከእንቅልፉ ባነነና እጁን ዘርግቶ መጣ። «አለቀ? ተመስገን! ብያለሁ እኮ፣ አንተን አያቅትህም ብያለሁ!» ጨብጦት እጁን ይንጠው ጀመር።

«ገና ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ዘጋኸው እኮ።»

«እሷ ዝጋው ብላኝ ነው።»

ኤሌክትሪሻኑ ከጥላው ብድግ አለ። «ጆሮ፣ ሳትጨርስ ዘጋህ? እጅ ሰጠሁ በለኛ! ዛሬ ጉድ አየሁ!»

መካኒኩ ቶሎ ብሎ ወደ ሾፌሩ ወንበር ገባና በሩን ዘጋ፤ ከእነሱ ለመሸሽ እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረውም። ሞተሩ እንደበራ ነው፣ ኤሲው እንደተከፈተ ነው። ቀዝቃዛው አየር ፊታቸው ላይ ይነፋል። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከበሩ ውጭ ሰዎች ያልፋሉ፤ አንዷ ሴት ጃንጥላ ይዛ፣ አንዱ በጋሪ ጣውላ እየገፋ። እህቱ ታያቸዋለች። መካኒኩ የሚያየው ነገር ስላልነበረው እጆቹን መሪው ላይ አኖረ።

«ስንት ጊዜ ነው እዚህ ወንበር ላይ እንዲህ የተቀመጥከው?» አለችው።

«እኔማ ሁልጊዜ ከውጭ ነኝ እትዬ። ሞተሩ ጋ።»

«እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከውስጥ ነን።»

ፀሐዩ ኮፈኑን ያግለው ጀመር። አየሩም ቀስ በቀስ ቅዝቃዜው የቀነሰ መሰለው። ያኔ ነው መዳፎቹ ሥር መሪው ንዝር ንዝር ያለው። መጀመሪያ ዝንብ ያረፈችበት ያህል ነበር፤ ቀጥሎ በረታ። የሞተሩ ድምፅ ዳገት ላይ ጭነት እንደከበደው ሰው ወረደ። መስታወቱ ተርገፈገፈ፤ ወንበሩ ተከተለ። እህቱ ክንዷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ይኸውልህ» አለች በድካም። «መጣ።»

መካኒኩ እንደ ልማዱ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ሊከፍት እጁ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ከከፈተው መርገፍገፉ ይጠፋል። እስከዛሬም ሲጠፋበት የነበረው እንዲህ ነው፤ እሱ ሲከፍተው ሞተሩ ንፋስ ያገኛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጨዋ ይሆናል። ኮፈኑን ሳይነካው ወረደና መኪናዋ ፊት ተንበርክኮ በፊተኛው ፍርግርግ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

መኪናዋ ሁለት ማራገቢያ ነው ያላት። አንዱ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ሌላው ከፊት ያለውን የኤሲውን ትንሽ ራዲያተር። የሞተሩ እየተሽከረከረ ነው፤ ሙቀት መለኪያው አንድም ቀን ከፍ ብሎ የማያውቀው ለዚህ ነው። የኤሲው ግን ቀጥ ብሏል። ክንፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

«ኤሌክትሪሻን!» ብሎ ጠራ ሳይነሣ። «የኤሲዋን ማራገቢያ አይቼዋለሁ አላልከኝም?»

«አይቼዋለሁ! እንደ እንዝርት ነው የሚሾረው!»

«ና እስቲ የሚሾረውን አሳየኝ።»

ኤሌክትሪሻኑ እየሳቀ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ። አጮለቀ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። «እኔ ሳየው... ኮፈኑ ክፍት ነበራ።»

«የእኔም ክፍት ነበር» አለ መካኒኩ። አንዱ ሌላውን የሚወቅስበት ነገር አልነበረም።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ቀርቶታል። የእጅ መታጠቢያውን ጆግ ሞልቶ አመጣና ውኃውን በፍርግርጉ በኩል በኤሲው ራዲያተር ላይ ቀስ እያደረገ አፈሰሰ። ትስስስ አለ፤ እንፋሎት ፊቱን ገረፈው። ጆሮውን ጣለ። ገና ምን እንደሰማ ሳይለይ እህቱ ከውስጥ ጮኸች።

«ምን አደረግክ?»

«ምነው? ባሰ?»

«ኧረ ቀለላት! ትንፋሽ አገኘች!»

ዘግይቶ ለእሱም ተሰማው። ሞተሩ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ቀና ብሎ እርር ማለት ጀመረ። ውኃው ሲደርቅ መልሶ አዘቀዘቀ፤ ሌላ ጆግ ሲያፈስስ መልሶ ቀና አለ። መካኒኩ ከተንበረከከበት አልተነሣም። ደስታ መሆን ነበረበት። የተሰማው ግን ያለ ጥፋታቸው የተጣሉት ካንዴላና የሞተር ጎማዎች ክብደት፣ በከንቱ የሄዱ የእሱም የአማቹም ቀናት ክብደት ነበር።

«ጋሼ፣ ተገኘ» አለ። «ኤሲው ጋዙን የሚያቀዘቅዝለት ንፋስ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ኮምፕረሰሩ እሱን ልግፋ ሲል ሞተሩን ያንቀዋል። ስትነዱ የመንገዱ ንፋስ ይበቃዋል። ስትቆሙ ነው የሚታነቀው።»

«ማራገቢያውስ ምን ሆኖ ነው?»

«የማራገቢያዋ ሞተር አርጅታ ነው። ሲቀዘቅዝ ትዞራለች፣ ሲግል ነክሳ ትቆማለች።»

የእህቱ ባል የቀሉ ዓይኖቹን አሻሸ። «እንደ እኔ በላታ» አለ።

ኤሌክትሪሻኑ ያለወትሮው ሳይቀልድ ከግቢው ጀርባ ከተጋጨች መኪና ላይ ደህና ማራገቢያ ፈትቶ አመጣ። ሽቦውን ቀጠለ፣ በባትሪ ሞክሮ አስነፋት። አሁን ኮፈኑ ተከፍቶ ነበር፤ እህቱም ግድግዳ ነው ብላ አላማረረችም። አስረው ሲጨርሱ መካኒኩ ዘጋው። ማንም ግን እጁን አልዘረጋም፤ የእህቱ ባል እንኳ በዓይኑ ብቻ ጠየቀ።

«መንገድ ላይ እንያት» አለ መካኒኩ። «እኔ ልንዳ። አንተ ከኋላ ሁን።»

ሲወጡ የከሰዓቱ ግፊያ ጀምሯል። መንገዱ ጥቂት ይፈስሳል፣ ብዙ ይቆማል። የመጀመሪያው መብራት ያዛቸው። መካኒኩ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ በመዳፉ፣ በተረከዙ፣ በጀርባው አዳመጠ። ፀሐይ ያገነፍላል። ኤሲው ይነፋል። መኪናዋ እንደቆመች ናት፤ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ዳሽቦርዱ ላይ ቢያኖሩ አይፈስስም። መብራቱ ለቀቃቸው፤ ሌላው ያዛቸው። አሁንም ምንም።

ከኋላ የማንኮራፋት ድምፅ መጣ። የእህቱ ባል ራሱ መስታወቱ ላይ ወድቆ፣ አፉ ተከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

«ተሠራች ማለት ነው» አለች እህቱ በዝግታ።

«ተሠራች እትዬ።»

ነጠላ ጫማዋን ከእግሯ ገፋ አደረገች። «እና አሁን ምን ብዬ ነው የምቀረው?»

መካኒኩ ዞር ብሎ አያት።

«ምን ታየኛለህ? መኪናዋ እውነትም ታንቀጠቅጠኛለች፣ አልዋሸሁም። ግን ደግሞ... ስትበላሽ ደስ ይለኝ ነበር። ይችን አታሠሩም ብዬ መቆጣት ይሻለኝ ነበር። እሱን ደከመኝ ብለው ምን ይመልስልኛል? ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ሲያመላልስ አድሮ፣ ቀኑን ሙሉ እኔን። እኔ ነኝ የደከመኝ?»

ነገሩ ሞተር ቢሆን አንድ ነገር ፈትቶ ያይ ነበር። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሱ፤ በቀኝ ሐኪም ቤት፣ በግራ ወደ ቤቷ። መብራቱ ቀይ ነው።

«እትዬ» አለ መካኒኩ። «አልገፋፋሽም። ያልሽውን አደርጋለሁ። ወዴት ልዙር?»

እህቱ አንገቷን በጭንቅ አዙራ ወደ ኋላ አየች። የሰውየው እጅ መቀመጫው ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ ነበር። ዓይኖቹ ሥር ያለው ጥቁረት በእንቅልፍ እንኳ አልለቀቀውም።

«ቤት ከሄድን መውረጃዬ ላይ ይቀሰቀሳል» አለች። «አብስዬ አበላሻለሁ ይላል፣ ይንጎዳጎዳል፣ ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ ይሮጣል። እዚያ ከሄድን ግን እኔ እስክወጣ ድረስ ተኝቶ ይቆያል።»

«ይቆያል።»

«ኤሲውን አታጥፋበት።»

«አላጠፋም።»

«ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እንዳላልኩ ደግሞ ልብ በል። የዛሬውን ብቻ ነው ያልኩት።»

«የዛሬውን ብቻ እትዬ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መካኒኩ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ማንኮራፋቱ እንዳይቋረጥ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየዞረ ነዳ። በሐኪም ቤቱ ደጅ ጥላ ፈልጎ ቆመ። ሊደግፋት ሊወርድ ሲል በእጇ ከለከለችው።

«አንተ ፍሬኑን ያዝ።»

ነጠላ ጫማዋን በእግር ጣቶቿ ፈልጋ አጠለቀች። ወረደችና በሩን ሳትወረውር በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ተወችው፤ በደንብ አልገጠመም። ተመልሳ ልትዘጋው ብላ በመስታወቱ የተኛውን አየችና ተወችው። ደህነኛ እጇ የደረጃውን ብረት ያዘ። አንዱን ደረጃ ወጣች፣ ቆማ ተነፈሰች፣ ቀጣዩን ወጣች። መካኒኩ በመኪናዋ በር ክፍተት ከሚገባው ሙቀት ጋር አብሮ የሚመጣውን የጫማዋን ድምፅ፣ የሐኪም ቤቱ በር እስኪውጠው ድረስ፣ ሳይንቀሳቀስ አዳመጠ።